አረጋዊን በቤት መጦር በጎንደር፦ ደህንነቱና ጥራቱ በማን እጅ ነው?

ጎንደር ውስጥ ሰው ሲያረጅ የሚጦረው ቤቱ ነው። ልጅ አጠገቡ ካለ ልጅ ይጦረዋል። ልጆቹ አዲስ አበባ፣ እስራኤል ወይም አሜሪካ ከሆኑ ደግሞ ገንዘብ ይልካሉ፣ ሠራተኛ ይቀጠራል፣ አንዷ የአክስት ልጅ ከገጠር ትመጣለች፣ ጎረቤትም በየማለዳው ብቅ ብሎ «እንዴት አደሩ?» ይላል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ቆብ ደፍተው በአንዲት ክፍል የሚኖሩ እማሆዮችም አሉ፤ እነሱን የሚያያቸው ምእመኑ ነው። በአገራችን አረጋዊ የሚባለው 60 ዓመት የሞላው ሰው ሲሆን፣ ከሕዝቡ ከመቶ አምስት ገደማ ይሆናል።

ሕጉ ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የተቸገረ ወላጅን መቀለብ የልጅ ግዴታ ያደርገዋል። ስለዚህ መጦር ለምርቃት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ፍርድ ቤትም ያስኬዳል። እናት ልጇን ከሳ ቀለብ ስትቀበል ግን አገሩ ጉድ ይላልና፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ይዘጋል።

ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ነርስም ሆነ ሐኪም ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ክሊኒክም እንዲሁ ያለ ፈቃድ በሩን አይከፍትም። ቀንና ሌሊት ከአረጋዊው አጠገብ የምትውለው አስታማሚ ግን ምንም አትጠየቅም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (1156/2011) የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። የሚገርመው፣ ዓረብ አገር ሄዳ የሰው አያት ለምታስታምም ልጅ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ (923/2008) የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ አዟል። እዚሁ ማራኪ ወይም አራዳ ክፍለ ከተማ የኛኑ አያት ስታስታምም የሚፈለገው ደላላና ተያዥ ብቻ ነው። ተያዥ ደግሞ ቢሰረቅ ይጠየቅ ይሆናል እንጂ ስለ አያያዟ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከተማዋ ባለሙያ አጥታ አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ሥራው ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን) አሠልጥኖ ወደ ሰው ቀዬ መላክ ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶችንም ያወጣል። ከ2002 ወዲህ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ደም ግፊት እንዲለኩ ልትጠይቋቸው ትችላላችሁ። ችግሩ ስትሮክ የመታቸው ሰው ከሆስፒታል ሲወጡ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመውጫ ወረቀትና አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዘው ቤት ይገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ጥራት የሚባለው ነገር በአንዲት ሴት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ ቤት ውስጥ አያያዙ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ፌስታል ነው። አምሎዲፒን የሚባለውን የደም ግፊት ክኒን በሁለት ፋብሪካ ካርቶን፣ በሁለት ዓይነት መልክ ታገኛላችሁ። አንዱ አልቆ ሌላው የተገዛ ነው፣ ግን አሮጌውም አልተጣለም፣ ሠራተኛዋ ደግሞ መልካቸው ስለተለየ ሁለቱንም ትሰጣለች። ግፊታቸው ወርዶ ከአልጋ ሲነሱ ይዞራቸውና ይወድቃሉ። ከሥር ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ይወጣል፤ ለጉልበት ተብሎ ያለ ማዘዣ የተገዛ። ይህ መድኃኒት በዕድሜ የገፋ ሰውን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ያለውን ሁሉ በፌስታሉ እንዳለ ወደ ፋርማሲ ወስዶ አንድ በአንድ ማስለየት፣ የቆመውን ማስወገድ፣ ከዚያ በአማርኛ አንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። ማንበብ ለማትችል አስታማሚ የጠዋቱ ላይ ፀሐይ፣ የማታው ላይ ጨረቃ ይሳልበት። የተሰጠው ሁሉ በደብተር ምልክት ይደረግበት፤ አለበለዚያ ልጅ ጠዋት ሰጥታ የሄደችውን ሠራተኛዋ ትደግመዋለች።

ጎንደር ተብሎ ጾም አይቀርም። ስኳር ያለባቸው እናት ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ውጠው ወይም ኢንሱሊን ተወግተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ቢውሉ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ያልባቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀባዥራሉ፤ የቤቱ ሰው «ምች መታቸው» ብሎ ሌላ ነገር ውስጥ ይገባል። መዋጥ ከቻሉ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ነው። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይጨመርም፣ ወደ ሆስፒታል ነው። ቤተ ክርስቲያን የታመመ ሰው ይጹም ብላ አታስጨንቅም፤ ግን «እማማ፣ ይቅርብዎ» የሚለው ከልጅ አፍ ሲወጣ ሰሚ የለውም። የንስሐ አባታቸው ናቸው መጠራት ያለባቸው። አዲስ ዓለም ሰፈር ላሉ ሙስሊም አዛውንቶች በረመዳን ነገሩ ያው ነው፣ የመድኃኒት ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይፈልጋል። ፀበልና መድኃኒትም አይጣሉም፤ ፀበል ጀመርኩ ብሎ ክኒን ማቆም ነው ጉዳቱ።

አልጋ የያዘ ሰው ካለ ትልቁ ፈተና የአልጋ ቁስል ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሚባለው ቀልድ አይደለም። ቁስሉ የሚጀምረው ከወገብ በታች፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በእጅ መዳሰስ ይሻላል፦ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ ወይም የጠነከረ ቦታ ካለ ያ ጅማሬው ነው፣ እዚያ ላይ እንደገና ማስተኛት የለም፣ መታሸትም የለበትም። ብዙ ቤት ቀለበት የመሰለ ጎማ ከመቀመጫቸው ሥር ያደርጋሉ። ይህ አይመከርም፣ ዙሪያውን እየተጫነ ደም ይከለክላል። የአያቶቻችን አጎዛ ከዚያ በብዙ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ርጥበትም ይመጥጣል። ማገላበጡን ግን አያስቀርም። ቆዳው እንዲደርቅም ዳይፐር በሰዓቱ ይቀየር፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ሌሊቱን ሙሉ አንዱን ማሳደር ለቁስል ሕክምና ከሚወጣው ጋር አይነጻጸርም።

መውደቅን ደግሞ ቤቱ ራሱ ይጋብዛል። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ኮሪደሩ በጀሪካን ይሞላል። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ነው። በሩ ደፍ አለው፣ ደረጃው እጀታ የለውም፣ መብራትም ይጠፋል። ብዙ ብር አይጠይቅም፦ ጀሪካኑን ወደ አንድ ጎን መደርደር፣ ከአልጋ እስከ በር የሚይዙት ብረት ወይም እንጨት ማስመታት፣ በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ መብራት ማዘጋጀት፣ ለሌሊት አልጋ አጠገብ ፖፖ ማስቀመጥ። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ለሚያቅታቸው መሐሉ የተበሳ ጠንካራ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ይቀመጣል፤ አናጢ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ይጣል።

ከሰል ላይ ግን አልደራደርም። የጎንደር ማታ ይቀዘቅዛል። የቡናው ምድጃ ፍሙ አላለቀም ተብሎ «ይሙቃቸው» ሲባል ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። ጭሱ ስለጠፋ መርዙ የጠፋ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ሙቀት የሚፈለግ ከሆነ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ፎጣ የተጠቀለለበት የሙቅ ውሃ ጠርሙስ።

ስለ ምግብ ባጭሩ፦ ስትሮክ የመታው ሰው ውሃ ሲጠጣ ካሳለው ውሃው ሳንባ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል። ጋደም ብለው አይመገቡ፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ወፈር ያለ አጥሚት ከውሃ ይልቅ ይዋጥላቸዋል።

ሌላው የጥራት መለኪያ ክብር ነው፣ ይህን ደግሞ በሰከንድ ታውቁታላችሁ። አስታማሚዋ ሳትጠይቅ ብርድ ልብሱን ትገፋለች ወይስ «አባባ፣ ላጥብዎት?» ትላለች? አባት በሴት ልጃቸው መታጠብ ሊያፍሩ ይችላሉ፤ የወንድ ልጅ ወይም የወንድማቸው ልጅ ተራ እዚህ ላይ ነው። መርሳት የጀመራቸውን ሰው «ጃጁ» ብሎ ፊታቸው ላይ መሳቅም ጉዳት ነው። የጡረታ ገንዘባቸውን ማን እንደሚያወጣ፣ ውክልና ማን ላይ እንዳለ ከአንድ ሰው በላይ ይወቅ። ውጭ ያላችሁ ልጆች በቪዲዮ ስትደውሉ ፊታቸውን ብቻ አትዩ፤ ክፍሉን አዙሩልኝ በሉ፣ ደብተሩን አሳዩኝ በሉ። በመካከልም ለብቻቸው የምታወሩበት ጊዜ ይኑር፣ አስታማሚዋ አጠገባቸው ቆማ ማን ይናገራል?

ግሉኮስ ወይም መርፌ ለመስጠት ቤት የሚመጣ ነርስ የሙያ ፈቃዱን ቢጠየቅ መቀየም የለበትም። መርፌውም እፊታችሁ ይቀደድ። ማታ ባጃጅ ማግኘት ስለሚከብድ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ከመድኃኒቱ ወረቀት ጋር ግድግዳው ላይ ይጻፍ፣ መኪና ያለው ጎረቤት ቁጥርም እንዲሁ።

የቀረው አስታማሚዋ ናት። እንቅልፍ ያጣች ሴት ልጅ የመድኃኒት ሰዓት ትረሳለች፣ ትቆጣለች፣ ራሷም ወገቧን ትታመማለች። ወንድሞቿ ብር ልከናል ብለው ይቀመጣሉ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀንና አንድ ሌሊት ሌላ ሰው ሊተካት ይገባል። እድሩ ሲሞቱ ድንኳን ለመትከል የሚወጣውን ያህል ሰው በሕይወት እያሉ በተራ ለአንድ ከሰዓት ቢመድብ ይህ ችግር በግማሽ ይቀላል።