ንድፍ ምንድን ነው? ከአጋጣሚስ በምን ይለያል?

አፋር ውስጥ ጎና የሚባል ቦታ አለ። ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው እዚያ ያገኟቸው የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብለው ተገምተዋል። (ዕድሜው ላይ የማይስማማ ክርስቲያን አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለዛሬው ጉዳይ ዕድሜው አያስፈልገንም።) የሚያስፈልገን ሌላ ጥያቄ ነው። ወንዝ ዳር የተሰበረ ድንጋይ ሞልቷል። ታዲያ ይሄኛው መሣሪያ፣ ያኛው ተራ ስባሪ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ድንጋይ በኃይል ሲመታ ምልክት ይይዛል፤ ያ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም፣ ጎርፍም ድንጋይን ከድንጋይ ያጋጫል። ብራዚል ውስጥ ደግሞ ድንጋይ በድንጋይ የሚቀጠቅጡ ጦጣዎች አሉ፤ የሚረግፈው ስንጣሪ የጥንት መሣሪያ ይመስላል፣ እነሱ ግን ዞር ብለው አያዩትም። የጎናው የሚለየው ነገሮቹ ተደራርበው ስለሚገኙ ነው። ጠርዙ በሚመች ማዕዘን ተደጋግሞ ተላጧል፣ ከወንዙ ጠጠር መሃል ሲሰበር ጥሩ ስለት የሚያወጣው ዓይነት ተመርጧል፣ በአካባቢውም የመቁረጫ ምልክት ያለበት አጥንት ተገኝቷል። እዚህ የፈለገና የመረጠ አካል አለ። ንድፍ የምንለው ይሄንን ነው፦ ለአንድ ዓላማ ሲባል ከብዙ አማራጭ መሃል መምረጥ።

ሥርዓት ያለው ሁሉ ግን ንድፍ አይደለም። እዚያው አፋር ዳናኪል ብንወርድ ጨው አለ። የጨው ቅንጣት በማጉያ ሲታይ ኩብ ነው፣ በማስመሪያ የተሠራ ይመስላል። ማንም ቁጭ ብሎ አልቀረጸውም፤ አተሞቹ ሲደረደሩ የሚሰጡት ቅርጽ ነው። ከዚያው ሜዳ ተቆርጦ ግመል ላይ የሚጫነው አሞሌም ማዕዘን አለው፣ የእሱን መጠን የወሰነው ግን ጫኙና ገበያው ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ስናይ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የተፈጥሮ ሕግ ያመጣው ነው? አጋጣሚ ነው? ወይስ ዓላማ? አሜሪካዊው የሒሳብና የፍልስፍና ሰው ዊልያም ዴምብስኪ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ይሄንኑ ቅደም ተከተል በሒሳብ መልክ ለማስቀመጥ ሞክሯል።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው «የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው፣ ስለዚህ የታቀደ ነው» ስንል ነው። 20 ሰው ያለበት ዕቁብ እናስብ። ዕጣው ሊወጣ የሚችልበት ቅደም ተከተል ከሁለት ቢሊዮን ቢሊዮን በላይ ነው። የትኛውም ቢወጣ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነበር፣ ግን አንዱ የግድ ይወጣል፣ ማንም አይደነቅም። አሁን ደግሞ ከ20ው አራቱ የዳኛው ዘመዶች ናቸው እንበል፣ እነሱም የመጀመሪያዎቹን አራት ዕጣ ጠራርገው ወሰዱ። ይሄ የመሆን ዕድሉ ከ4,845 አንድ ነው። ከፊተኛው ጋር ሲተያይ እንዲያውም ሰፊ ነው! ግን ዕቁብተኛው ሁሉ ዳኛው ላይ ያፈጣል። ምክንያቱም ውጤቱ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ከሚታወቅ ነገር፣ ከዝምድናው ጋር ገጠመ። ጠባብ ዕድልና ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ሲገናኙ ነው ጥርጣሬው የሚነሳው።

ብዙ ክርስቲያን ተከራካሪዎች ይሄን መለኪያ ይዘው ወደ ሕዋስ ይገባሉ። በዲኤንኤ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ፕሮቲን ያሠራል፣ እንዲህ ያለ መልእክት ተበትኖ አይገጣጠምም ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ ረጋ ማለት እመርጣለሁ። የባዮሎጂ ሰዎች «በአጋጣሚ ብቻ ሆነ» አላሉም። ለውጡ በአጋጣሚ ይመጣል፣ የጠቀመው ግን ተመርጦ ይቀራል ነው የሚሉት። የአጋጣሚውን ዕድል ብቻ አስልቶ «ረታናችሁ» ማለት የሰውየውን ክርክር ሳይሰሙ መልስ መስጠት ነው። የሰው ልጅ ጂኖም ፕሮጀክትን የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስ ዝግመተ ለውጥን የሚቀበል አማኝ ነው፤ ዴምብስኪም አማኝ ነው፣ በዚህ ግን አይገናኙም። ሮሜ 1፥20 የእግዚአብሔር ኃይል ከፍጥረት ይታወቃል ይላል እንጂ በየትኛው መንገድ እንደሠራ የላብራቶሪ ዝርዝር አይሰጥም።

ደግሞም መጽሐፍ ቅዱስ አጋጣሚን ከእግዚአብሔር ጋር አያጣላም። ምሳሌ 16፥33 ዕጣውን ሰው ይጥላል፣ ውሳኔው ግን የእግዚአብሔር ነው ይላል። ሐዋርያትም በይሁዳ ቦታ ማትያስን የመረጡት በዕጣ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ 1ኛ ነገሥት 22 ነው። ንጉሥ አክዓብ ልብሱን ለውጦ ጦርነት ገባ፣ አንድ ስሙ እንኳ ያልተጻፈ ወታደር ማንንም ለይቶ ሳያነጣጥር ቀስቱን ለቀቀ፣ ፍላጻው በጥሩሩ መጋጠሚያ ገብቶ ንጉሡን አገኘው። ቀስተኛውን ብትጠይቁት አጋጣሚ ነው የሚላችሁ፣ እውነቱንም ነው። ግን ነቢዩ ሚክያስ ንጉሡ በሰላም እንደማይመለስ ከጦርነቱ በፊት በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ልክ እንደ ዕቁቡ፣ ቀድሞ የታወቀ ነገር አለ።

አሁን ሉቃስ 13ን አስተያዩ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ገደለ። ኢየሱስ «ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀና ራሱ አይደለም አለ፣ ከዚያም ጉዳዩን ወደ ሰሚዎቹ ንስሐ አዞረው። እኛ ግን የመኪና አደጋ ሲደርስ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ምክንያቱን ወዲያው እንሰፋለታለን። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «እገሌ እኮ እንዲህ ስላደረገ ነው» የሚለው ሰው ከአደጋው በፊት አንድም ነገር አላለም ነበር።