ሦስቱ የሳህል አገሮች ከኢኮዋስ ሲወጡ፦ ሰው ሚለውና እውነታው

ማሊ፣ ቡርኪናፋሶና ኒጀር ከምዕራብ አፍሪካው ማኅበር ከኢኮዋስ ስለ መውጣታቸው ሚወራው ነገር ሁለት ጫፍ ይዟል። አንዱ ወገን "ነጻ ወጡ በቃ" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "አለቀላቸው፣ ባሕር በር የላቸው፣ ታጥረው ሊቀሩ ነው" ይላል። ሁለቱም የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ይመስለኛል፣ መውጣትን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያዩት። ፓስፖርቱ፣ ቀረጡ፣ ገንዘቡ፣ ወደቡ፣ መብራቱ እያንዳንዱ የየራሱ ውል አለው፣ አንዱ ሲቀደድ ሌላው እንደነበረ ሊቀጥል ይችላል፣ የሚጎዳውና የሚጠቀመውም ሰው እንደዛው ይለያያል። ስለዚ አንድ በአንድ እንያቸው (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

"መግለጫ ባወጡ ማግስት ወጥተዋል"

እነሱ ጃንዋሪ 28 ቀን 2024 ላይ "ከዛሬ ጀምሮ ወጥተናል" ብለዋል፣ ልክ ነው። የኢኮዋስ ስምምነት አንቀጽ 91 ግን የሚወጣ አገር በጽሑፍ አሳውቆ አንድ ዓመት ይጠብቃል ይላል፣ በዛ ዓመት ውስጥም ግዴታው እንዳለ ነው። ለዛ ነው ኢኮዋስ መውጣታቸውን በይፋ የተቀበለው ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ላይ የሆነው። ማኅበሩ ስድስት ወር የመሸጋገሪያ ጊዜ ልጨምር ብሎ ነበር፣ እነሱ አልፈልግም አሉ። እንግሊዝም እኮ ጁን 2016 ላይ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከአውሮፓ ኅብረት የወጣችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው፣ ከጋራ ገበያው የወጣችው ደግሞ በዛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው።

"ንግዱ ስላልጠቀማቸው ነው የወጡት"

ፖለቲካ ነው ያስወጣቸው። ማሊ ውስጥ በ2020 እና በ2021፣ ቡርኪናፋሶ በ2022 ሁለት ጊዜ፣ ኒጀር ደግሞ ጁላይ 26 ቀን 2023 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። ኢኮዋስ ጃንዋሪ 2022 ላይ ማሊ ላይ ከባድ ማዕቀብ ጣለ፣ በኒጀር ጊዜ ደግሞ ማዕቀብ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሳምንት ውስጥ ፕሬዚዳንቱን ወደ ሥልጣን ካልመለሳችሁ ጦር እስከ መጠቀም እንሄዳለን አለ። ወታደሮቹ ደግሞ ማኅበሩ ከመሥራቾቹ ዓላማ ወጥቷል፣ የውጭ ኃይሎች መሣሪያ ሆኗል፣ ታጣቂዎችን ስንዋጋ አልረዳንም ብለው ከሰሱት። በዚ ሁሉ ክርክር ውስጥ የቲማቲምና የከብት ገበያ አልተነሳም። ሂሳቡ ግን ሚመጣው በንግድ በኩል ነው፣ እኔን ሚያንገበግበኝም ይሄ ነው፣ ውሳኔው ላይ ያልተጠየቀው ነጋዴና ሹፌር ነው ከፋይ።

"ከኢኮዋስ ሲወጡ ከሲኤፍኤ ፍራንክም ወጡ"

ይሄ በጣም የተስፋፋ ስህተት ነው፣ በደንብ መታየትም አለበት፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር እዚ ጋ ነው ያለው።

ገንዘቡ የኢኮዋስ አይደለም። ዩኢሞአ የሚባል ሌላ የኢኮኖሚና የገንዘብ ኅብረት አለ፣ ቤኒን፣ ቡርኪናፋሶ፣ አይቮሪኮስት፣ ጊኒ ቢሳው፣ ማሊ፣ ኒጀር፣ ሴኔጋልና ቶጎ ያሉበት፣ ስምንት አገር። የጋራ ማዕከላዊ ባንካቸው ሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ነው ያለው፣ ገንዘቡም በ655.957 ፍራንክ ለአንድ ዩሮ ተቆልፎ የተቀመጠ ነው። ሦስቱ ከኢኮዋስ ሲወጡ ከዚህኛው አልወጡም። የራሳችን ገንዘብ ይኖረናል የሚል ንግግር ብዙ ጊዜ ተሰምቷል፣ በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ገበያ ላይ የሚቆጠረው ግን ሲኤፍኤ ነው።

ከዚ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ዩኢሞአ ራሱ የጉምሩክ ኅብረት ስለሆነ ከአይቮሪኮስት፣ ከሴኔጋል፣ ከቶጎና ከቤኒን ጋር ያለው ከቀረጥ ነጻ ንግድ በኢኮዋስ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። ከኢኮዋስ መውጣት በቀጥታ ሚነካው ዩኢሞአ ውስጥ ከሌሉት ጋር ያለውን ንግድ ነው፣ በተለይ ናይጄሪያና ጋና። ኒጀርን አስቡት፣ ከናይጄሪያ ጋር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ድንበር አላት፣ ሁለቱም ጎን ሐውሳ ሚናገር ቤተሰብ ነው፣ ከብቱም ሽንኩርቱም ወደዛ ይወርዳል። ማሊ ግን ዋና መውጫዎቿ የዳካርና የአይቮሪኮስቱ አቢጃን ወደቦች ስለሆኑ ጉዳዩ ሌላ ነው። "ሦስቱ አገሮች ምን ይሆናሉ" ብሎ በአንድ ላይ መጠየቅ ራሱ የተሳሳተ መልስ ያመጣል።

ሁለተኛው ብዙም አይነሳም። በ2022 ማሊን በጣም ያሳመማት የማዕቀቡ ክፍል ከቀጠናው የገንዘብ ገበያና ከማዕከላዊ ባንኩ መቆረጧ ነበር፣ መንግሥት ብር እያለው ዕዳውን በጊዜው መክፈል አቃተው። ኒጀርም በ2023 እንደዛው ሆነች። ያንን በር የዘጋው ደግሞ ዩኢሞአ ነው እንጂ ኢኮዋስ ብቻውን አይደለም። ማለትም ከማዕቀብ ለማምለጥ ነው የወጡት ከተባለ፣ ያ ቁልፍ ዛሬም ዳካር ነው ያለው።

"ድንበር ተዘጋ፣ ሰው ማለፍ አይችልም"

መውጣትንና ማዕቀብን ስለሚያቀላቅሉት ነው። በ1979 ስምምነት የኢኮዋስ ዜጋ ያለ ቪዛ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ላይ የኢኮዋስ ኮሚሽን አባል አገሮቹን የሦስቱን አገር ዜጎች ፓስፖርትና መታወቂያ መቀበላችሁን ቀጥሉ፣ ዕቃቸውንም በነበረው የንግድ ሥርዓት አስተናግዱ፣ ሌላ ነገር እስኪወሰን ድረስ አለ። ሦስቱም ከዛ በፊት ዲሴምበር 2024 ላይ የኢኮዋስ ዜጎች ያለ ቪዛ ይገባሉ ብለው አውጀው ነበር። በወረቀት ደረጃ በሩ ክፍት ነው፣ ግን "ሌላ ነገር እስኪወሰን" ሚለውን ይዞ መጋዘን ሚሠራ፣ ብድር ሚወስድ ነጋዴ ማነው? ጉዳቱ ዛሬ ያለው እዚ ላይ ነው።

በእውነት የተዘጋ ድንበር ማየት ለፈለገ ግን ማላንቪል አለለት። ቤኒንና ኒጀርን የሚያገናኘው ድልድይ ያለባት የቤኒን ከተማ ናት፣ ማዶው የኒጀሯ ጋያ ናት፣ መሐል ላይ የኒጀር ወንዝ። ድልድዩ ጁላይ 2023 ላይ በማዕቀቡ ተዘጋ፣ እዛው ላይ ከባድ መኪኖች ኪሎ ሜትሮች ተሰልፈው ቀሩ፣ ሚበላሸው ዕቃ እዛው ተበላሸ። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ማዕቀቡ ሲነሳ ቤኒን ከፈተች፣ ኒጀር ደግሞ ለደኅንነቴ እሰጋለሁ ብላ የራሷን ጎን አልከፍትም አለች፣ ሰው በጀልባ መሻገር ያዘ። እዛው ላይ የነዳጅ ጣጣ ተጨመረ፣ ከኒጀሩ አጋደም እስከ ቤኒኑ ሴሜ ወደብ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ሚሆን ፓይፕላይን በቻይና ኩባንያ ተዘርግቶ አልቆ ነበር፣ ሜይ 2024 ላይ ቤኒን ድንበሩ ካልተከፈተ ድፍድፉ መርከብ ላይ አይጫንም አለች። ኋላ ላይ ፈቀደች። ይሄ ሁሉ የሆነው ኒጀር በሕግ ገና የኢኮዋስ አባል እያለች ነው!

መብራቱም ያው ነው፣ ኒጀር ከሚያስፈልጋት ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ከናይጄሪያ ነበር ምትገዛው፣ በማዕቀቡ ተቆረጠና ኒያሜ ጨለመች። ያ ከመውጣት ሳይሆን ከማዕቀብ ጋር የመጣ ነው።

"ቀረጥ እስካልተጣለ ምንም አልተቀየረም"

እንግሊዝ ዲሴምበር 24 ቀን 2020 ላይ ከአውሮፓ ጋር ዜሮ ታሪፍ ተስማማች፣ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ግን ዓሣ ላኪው የጉምሩክ ዲክላሬሽን፣ የጤና ሰርተፍኬት፣ ዕቃው ከየት እንደተሠራ ሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቅ ጀመር። ትልቅ ኩባንያ ሰው ቀጥሮ ይወጣዋል፣ ትንሹ መላክ ያቆማል። በሳህል በኩል ያለውም አደጋ ይሄው ነው፣ የኢኮዋስ የመነሻ ሰርተፍኬት ተቀባይነት ያጣ ቀን ከአነስተኛ ፋብሪካ ሚወጣ ዕቃ ኬላ ላይ ይቆማል።

ቀረጥም ቢሆን አልተጣለም ማለት አይቻልም። ሦስቱ አገሮች ማርች 2025 ላይ ከሦስቱ ውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ 0.5 በመቶ ጣሉ፣ የሰብዓዊ እርዳታ ብቻ ሲቀር፣ ገንዘቡም ሦስቱ ለመሠረቱት አዲስ ጥምረት፣ ለሳህል አገሮች ጥምረት፣ መንቀሳቀሻ ነው ተባለ። ትንሽ ናት፣ ግን ከአቢጃንና ከቶጎው ሎሜ ወደብ ሚመጣውንም ነካች፣ ከዩኢሞአ ነጻ ንግድ ጋር እንዴት እንደምትሄድ ደግሞ አስቸጋሪ ጥያቄ ነው።

"ኢኮዋስ ምንም አልቀረበትም" / "ወደብ አልባ ናቸው፣ ይሞታሉ"

ሁለቱንም አብሬ ልመልስ። ከ15 አባል 3 ወጡ፣ ከማኅበሩ የቆዳ ስፋት ከግማሽ በላይ ይዘው ሄዱ፣ የባሕር ዳር ከተሞች ሚበሉት የቁም ከብት ትልቁ ክፍል ከነሱ ነው ሚመጣው። የቤኒኑ ኮቶኑ ወደብ የኒጀር ዕቃ ሲቀርበት ሥራ አጥቷል፣ ሎሜ ደግሞ አገኘች፣ ቶጎ ኢኮዋስ ውስጥ ሆና ከሦስቱም ጋር ተግባብታ ነው ምትሠራው። ወደብ የሚገኘው በዚህ አይነት የሁለትዮሽ ስምምነት ስለሆነ አይሞቱም። ግን ዋጋው ሌላ ነገር ነው። ወደ ኒያሜ ሚሄድ መኪና ማላንቪል ሲዘጋበት ከሎሜ ተነስቶ በቡርኪናፋሶ ዞሮ ነው ሚገባው፣ ታጣቂ ባለበት መንገድ፣ በወታደር ታጅቦ፣ ኮንቮይ እስኪሞላ ቀናት እየጠበቀ። ሞሮኮ በ2023 ያቀረበችው በአትላንቲክ በኩል መውጫ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ርቀቱ ግን ካርታ ላይ ይታያል።

"አንዴ ከወጣ መመለስ የለም"

ሞሪታኒያ በ2000 ከኢኮዋስ ወጥታ በ2017 የአጋርነት ስምምነት ፈርማ ለንግድና ለሰው ዝውውር እንደገና ድርድር ጀምራለች። አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቷል።