ጦሩ ካሸነፈ በኋላ ለምን አይሄድም? ስለ መልሶ ግንባታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ዓርብ ደሴ፣ ሆጤ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። አቦሉ እየተቀዳ ወሬው ወደ ሀረጎ መንገድ ዞረ። ጭጋግ ሲወርድበት ያ ጥምዝምዝ ስንቱን ሹፌር እንዳስጨነቀ ተነሣ። አንዱ ልጅ ራሱ የአይሱዙ ሹፌር ነው። «ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ይሄን መንገድ ሠራ። አሜሪካ አፍጋኒስታን 20 ዓመት ቆይቶ ምን ሠራ?» አለ። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ጣሊያን የሠራው ላንተ መሰለህ?» አሉት። ቡናውን የምታፈላው እህታችን ደግሞ ዋናውን ጥያቄ አመጣችው። «ቆይ፣ ካሸነፉ በኋላ ለምን አይሄዱም? ሰው ራሱ የሰበረውን ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠግነው ለምንድን ነው?»

እስከ በረካ ተከራከርን፤ አልጨረስነውም። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ጉዳዩም ያንገበግበኛል። ወሎ ጦርነት ምን እንደሚያወድም ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የደረሰውን አይተናል። የተዘረፈ ሆስፒታልና የቆመ ፋብሪካ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ «ማን ይሠራዋል? ለምን ይሠራዋል?» የሚለው ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያ ቡና ላይ የተባሉትን እያነሣሁ የማውቀውን ልጻፍ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

«ከእዝነት የተነሣ ነው»

ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው የማርሻል ፕላንን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ለአውሮፓ የሰጠችውን ርዳታ ነው። አሜሪካ የተሸነፈችውን ጀርመንን አዝና አቋቋመቻት ይባላል።

ግን የመጀመሪያው ሐሳብ እንደዚያ አልነበረም። በ1945 ለአሜሪካ ጦር አዛዥ የተሰጠው መመሪያ የጀርመንን ኢኮኖሚ ለማቋቋም እርምጃ እንዳይወስድ የሚያዝ ነበር። ጀርመን ዳግመኛ ጉልበት እንዳታገኝ ተፈልጎ ነው። ከዚያ ከ1946 ወደ 1947 የተሻገረው ክረምት መጣ። ብርዱ ከባድ ነበር። ከተሞች የድንጋይ ከሰል አጡ፣ ሰው ተራበ። በፈረንሳይና በጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲዎች ጠንክረው ነበር። የሶቪየት ጦር ደግሞ በርሊን ውስጥ ተቀምጧል። በሰኔ 1947 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆርጅ ማርሻል ዕቅዱን በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተናገረ። በሐምሌ ያ የድሮው መመሪያ ተሻረ። በአራት ዓመት ውስጥ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለ16 አገሮች ወጣ። ትልቁን ድርሻ የወሰደችውም ጀርመን ሳትሆን ብሪታንያ ናት።

በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጠው ፍርሃቱ ነው። መጀመሪያ የተፈራው ጠንካራ ጀርመን ነበር፤ በኋላ የተፈራው የተራበ አውሮፓ ሆነ። የአሜሪካ ፋብሪካም ገዢ ይፈልግ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው አውሮፓ ደግሞ ዕቃ አይገዛም። ይህን ስል ግን ርዳታውን ለማጣጣል አይደለም። ፍርሃት ያመጣው ስንዴም ስንዴ ነው፤ ሕፃን ያጠግባል።

«ለነዳጅና ለማዕድን ብቻ ነው»

ይሄ የሹፌሩ ሐሳብ ነው። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ኢራቅ ባለ ነዳጅ ባትሆን ኖሮ ያን ያህል ትኩረት ታገኝ ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም።

ግን «ብቻ» የሚለው ቃል አያስኬድም። ኢራቅ በ2009 የነዳጅ ጨረታ ስታወጣ ትልልቅ ውል ካገኙት መካከል የቻይናና የሩሲያ ኩባንያዎች ይገኙበታል፤ እነሱ በ2003ቱ ወረራ አልዘመቱም። አፍጋኒስታን ውስጥም የታወቀውን የመስ አይናክ የመዳብ ክምችት ውል ያገኘው የቻይና ኩባንያ ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ወታደር እዚያው አገር ውስጥ እየሞተ ነበር። ዘረፋ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል የከሰረ ዘራፊ አይገኝም።

ታዲያ የሚያስቀምጣቸው ምንድን ነው? በኔ ንባብ ከሁሉ የሚበልጠው «ትተነው ብንሄድ ነገ ተመልሰን እንመጣለን» የሚለው ስጋት ነው። ባዶ ወንበር ላይ ጠላት ይቀመጣል ብለው ያስባሉ። ሌላም አለ። ብዙ ሕይወትና ገንዘብ ያፈሰሰ መንግሥት «በከንቱ ነበር» ብሎ ለሕዝቡ መናገር ይከብደዋል። ስለዚህ አንድ ዓመት ይጨምራል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ዓመት።

«ዓለም አቀፍ ሕግ ያስገድዳቸዋል»

በከፊል ብቻ። የ1907ቱ የሄግ ደንብ አንቀጽ 43 አገር የያዘ ጦር ሰላምና ጸጥታን እንዲያስከብር ያዛል። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ ለሕዝቡ ምግብና መድኃኒት መኖሩን እንዲያረጋግጥ ያዛል። አዲስ መንግሥት ሥራ፣ ግድብ ገንባ፣ ሕገ መንግሥት ጻፍ የሚል ግን የለም። ይልቁንም ያው አንቀጽ 43 ፈጽሞ ካልተቻለ በቀር የአገሩን ነባር ሕግ እንዲያከብር ነው የሚለው። ሕጉ የተጻፈው ያዡ ጦር ጊዜያዊ ነው በሚል እምነት ነው።

«ገንዘብ ከፈሰሰ አገር ይቆማል፤ ጀርመንና ጃፓን ምስክር ናቸው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም በተማሪነቴ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ጀርመንና ጃፓን ውስጥ የፈረሰው ሕንጻው ነው። ሙያው አልፈረሰም። መሐንዲሱ፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ በሕይወት የተረፉት ሁሉ፣ ተመልሰው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ። ጀርመኖች ከማርሻል ፕላን ካገኙት ገንዘብ ለመልሶ ግንባታ የሚያበድር ባንክ በ1948 አቋቋሙ። ብድሩ ሲመለስ እንደገና ለሌላው ያበድረው ነበር። ያ ባንክ ዛሬ ኬ ኤፍ ደብሊው የሚባለው ነው፤ እኛው አገር ውስጥ ፕሮጀክቶችን ይደግፋል።

ጃፓንን ደግሞ ቀረብ ብለን እንያት። የአሜሪካው ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር በ1945 ሲገባ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ሥራ ላይ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በቦታቸው ቆዩ። አሜሪካኖቹ ያዝዛሉ፣ ጃፓናዊው የመንግሥት ሠራተኛ ይፈጽማል። ከ1946 በኋላ የተደረገው የመሬት ለውጥ ጥሩ ማሳያ ነው። መንግሥት ከባለርስቱ መሬት እየገዛ ለሚያርሰው ጢሰኛ በርካሽ ሸጠ። ማን ይወስድ፣ ማን ይልቀቅ የሚለውን በየመንደሩ የሚወስነው አሥር አባላት ያሉት ኮሚቴ ነበር። አምስቱ ጢሰኞች፣ ሦስቱ ባለርስቶች፣ ሁለቱ የራሳቸውን መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል። አያቶቻቸው የሲሶና የእኩል አራሽ የነበሩ ልጆች ናቸው፤ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ምን እንደነበር ቤታቸው ውስጥ ሰምተዋል። የየትኛው ገበሬ ማሳ የት ጋ እንደሚያልቅ የሚያውቀው የመንደሩ ሰው ነው እንጂ ከሩቅ የመጣ መኮንን አይደለም።

አሁን ኢራቅን እንይ። በግንቦት 2003 የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር ባግዳድ በገባ በቀናት ውስጥ ሁለት ትእዛዝ አወጣ። አንደኛው የሳዳም ሁሴን ገዢ ፓርቲ የነበረውን የባዝ ፓርቲ አባላት ከሥራ አስወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን ጭምር ከሥራ ወጡ። ሁለተኛው የኢራቅን ጦር በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ መሣሪያ የሚያውቅ ወንድ ያለ ደሞዝ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ለመልሶ ግንባታ የወጣው የአሜሪካ ገንዘብ 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ቤቱን ሊጠግን የመጣ ሰው መጀመሪያ ምሰሶውን ነቀለው።

አፍጋኒስታን ደግሞ 145 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመልሶ ግንባታ ተመድቦላታል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለጦሩና ለፖሊሱ ነው። የአሜሪካ ልዩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ያወጣው ሪፖርት አንድ ነገር አለው፣ ሁሌ ትዝ ይለኛል። ለአፍጋን ወታደር የተገዛው ዩኒፎርም የጫካ ቀለም ያለው ነበር። ከአገሩ መሬት ደን ያለው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለዚያ ቀለም ሲባል እስከ 28 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ ወጪ ወጥቷል። አረንጓዴ ለብሶ በቢጫ አቧራ መሀል የቆመውን ወታደር አስቡት። ካቡል አጠገብ የተሠራው የታራኺል የዲዝል ኃይል ማመንጫም ወደ 335 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ነዳጁ ውድ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የኖረው። በነሐሴ 2021 ያ ሁሉ የተገነባ ጦር በቀናት ውስጥ ፈረሰ።

ልዩነቱ የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም ማለት ነው። ጥያቄው ገንዘቡ ሲመጣ የሚቀበለው ቤት ቆሟል ወይ ነው። የሚያስፈልገውን የሚናገረው ማን ነው?

«እንግዲያው ቶሎ መውጣት ይሻላል»

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሽ ስሕተት ነው። ሊቢያ ላይ ኔቶ በ2011 ሰባት ወር ከሰማይ ደበደበ፤ በጥቅምት መጨረሻ ዘመቻው አበቃ። አገር የሚያረጋጋ ጦር መሬት ላይ አልቀረም። ታጣቂው ሁሉ የየራሱን ከተማ ያዘ። ባራክ ኦባማ በ2016 ከጋዳፊ በኋላ ለሚመጣው ቀን አለመዘጋጀታቸውን የሥልጣን ዘመናቸው ትልቁ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

ሶማሊያም አለች። አሜሪካ በታኅሣሥ 1992 የገባችው ለተራበ ሕዝብ እህል እንዲደርስ ነበር፤ እህሉም ለብዙ ሰው ደርሷል። በጥቅምት 1993 ሞቃዲሾ ላይ 18 ወታደሮች ሲሞቱባት በመጋቢት 1994 ወጣች። የተባበሩት መንግሥታትም በ1995 ተከተለ። የኛም ጦር በታኅሣሥ 2006 ገብቶ በጥር 2009 ወጣ፤ በ2014 ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር እንደገና ተካተተ። ይህን የምጽፈው ከደጃችን ስለሆነ ነው። «ትተነው ብንሄድ ተመልሰን እንመጣለን» የሚለው ስጋት የኃያላን ብቻ አይደለም፤ እኛንም ያዘን። ከብዙ የወሎ ቤትም ሶማሊያ የዘመተ ልጅ አለ።

«እንግሊዝ ነጻ አወጣን፣ ከዚያ ሄደ»

ሐጂ ነጻነት የመጣበትን ቀን ከአባታቸው ሰምተዋል። ደሴ በሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው ከጣሊያን እጅ የወጣችው። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአርበኞች ጋር ሆኖ የኮምቦልቻን ምሽግ ሰብሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ገባ።

እንግሊዝ ግን ወዲያው አልሄደም። አገሪቱን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት በጦር አስተዳደር ሊገዛ ሞከረ። በጥር 1942 የተፈረመው ስምምነት ለኢትዮጵያ በመጀመሪያው ዓመት 1.5 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። በምትኩ እንግሊዛውያን አማካሪዎችና ዳኞች ገቡ። የእንግሊዝ ወኪል ከሌላው አገር ዲፕሎማት ሁሉ ቅድሚያ እንዲኖረው ተጻፈ። ኦጋዴንም በእጃቸው ቆየ። ያኔም ገንዘቡ ባዶ ካዝና ላይ የደረሰ ነበርና ጠቅሟል። ጦራችንን ያሠለጠነውም የእንግሊዝ ሚሲዮን ነው።

የሚገርመኝ የኛ ሰዎች ያደረጉት ነው። ፈርመው አልተቀመጡም። በታኅሣሥ 1944 እንደገና ተደራድረው ያንን ቅድሚያ አስነሡ። በየካቲት 1945 ንጉሠ ነገሥቱ የአሜሪካውን ፕሬዝዳንት ሩዝቬልትን ግብፅ ሄደው በመርከብ ላይ አገኙ፤ በአንዱ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደማያዋጣ ገብቷቸዋል። በዚያው ዓመት በምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ፈንታ የራሳችን ብር ወጣ። ኦጋዴን በ1948 ተመለሰ። ከኦጋዴን ጎን ያለው ሀውድና እንግሊዝ ለራሱ የከለለው ሌላው ቦታ እስከ 1954 ዘገየ። 13 ዓመት ሙሉ መስመር በመስመር የተጎተተ ክርክር ነው። እህታችን «ለምን አይሄዱም?» ስትለኝ ያልመለስኩላት ይሄን ነው። ብዙዎቹ የሚሄዱት ባለቤቱ በየፊርማው ሲጠይቃቸው ነው።

«ጣሊያን መንገድ ሠራልን»

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። ጣሊያን ደሴን በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ ደበደባት፤ በሚያዝያ 7 ገባባት። መንገዱን የዘረጋው ለጦር መኪናውና ሊያሰፍራቸው ላሰባቸው ዜጎቹ ነው። የደቡብ አፍሪካው ጦር የመጣበትም በዚያው መንገድ ነው።

መንገድ ደግሞ አንዴ ተሠርቶ የሚቀር ነገር አይደለም። ክረምት ይበላዋል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ግድግዳው ይናዳል። ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን መንገዶች እየተበላሹ ሄዱ። በ1950 ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያ ብድሮች አንዱ ነው። በ1951 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሀረጎ ላይ አካፋ ይዞ ቦይ የሚጠርገው የኛው ሰው ነው። ልጁ በሚቀጥለው ዓርብ ሲመጣ ሐጂ ይህንኑ ይነግሩታል፤ አባታቸው ከነዚያ ሠራተኞች አንዱ ነበሩ።