ማግኔትን በኮምፒውተር መፈተሽ፦ ማይክሮማግኔቲክስ

ማግኔት ከውጭ ሲያዩት ጸጥ ያለ ነገር ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ብረት ዶሜይን በሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በአንድ ዶሜይን ውስጥ የአቶሞቹ መግነጢስ ወደ አንድ አቅጣጫ ያያል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ሐሳቡን በ1907 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈረንሳዊው ፒየር ዌይስ ነው። ችግሩ፣ አብዛኞቹ ማይክሮስኮፖች የሚያሳዩት የቁሱን ገጽ ብቻ ነው። አንዲት ደቃቅ ማግኔት ተገልብጣ የምታልቀውም ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ባልራቀ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማግኔቱን ኮምፒውተር ውስጥ ይሠሩታል። ሙያው ማይክሮማግኔቲክስ ይባላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁሱ በሐሳብ ወደ ጥቃቅን ኪዩቦች ይቆራረጣል። እያንዳንዱ ኪዩብ የመግነጢሱን አቅጣጫ የምታሳይ አንዲት ቀስት ይሰጠዋል። የቀስቷ ርዝመት አይለወጥም፣ አቅጣጫዋ ብቻ ይዞራል። አዟዟሯን የሚወስነው ላንዳውና ሊፍሺትዝ በ1935 ያወጡት፣ ኋላም ጊልበርት ያሻሻለው ቀመር ነው። ቀስቷ ዘላ አትገለበጥም። ሊወድቅ እንደተቃረበ እንዝርት እየተወዛወዘች ትዞርና ቀስ በቀስ መግነጢሳዊ መስኩ (የሚጎትታት የማግኔት ኃይል) ወደሚያመለክትበት ትተኛለች።

ቀስቷን የሚጎትቷት ብዙ ናቸው። ጎረቤቶቿ እንደ እነሱ እንድትቆም ይፈልጋሉ። የክሪስታሉ አደራደር የሚመርጠው አቅጣጫ አለ። ከውጭ የሚመጣ መስክም አለ። እነዚህ ሦስቱ ለሒሳብ ቀላል ናቸው። ራስ ምታቱ አራተኛው ነው፦ ቁሱ ራሱ የሚፈጥረው መስክ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ኪዩብ የሌሎቹ ሁሉ ጫና ይደርስበታል፣ የቱንም ያህል ይራቁ። ጎኑ አንድ ማይክሮሜትር (1000 ናኖሜትር) የሆነ ቁስ ውሰዱ። በ5 ናኖሜትር ሲቆራረጥ 8 ሚሊዮን ኪዩብ ይወጣዋል። ሁሉን ከሁሉ ጋር ላስላ ካሉ 64 ትሪሊዮን ጥንድ ነው፣ ያውም ለአንዲት የጊዜ እርምጃ! ከዚህ ጣጣ የሚያወጣው ፈጣን የፉሪየር ስሌት የሚባለው ዘዴ ነው። ሥራውን ወደ መቶ ሚሊዮኖች ያወርደዋል። በጌንት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሙማክስ3 ደግሞ ስሌቱን በግራፊክስ ካርድ ያስኬዳል። ለጌም የተሠራ ካርድ ለማግኔት ጥናት መዋሉ ደስ ይላል።

ጀማሪ የሚሸወደው በኪዩቡ መጠን ነው። ፐርማሎይ በሚባለው የኒኬልና የብረት ቅይጥ ውስጥ ቀስቶች እጅግ ተጠጋግተው የሚተሳሰሩበት ርቀት 5 ናኖሜትር ገደማ ነው። ኪዩቡ ከዚያ ከበለጠ ሒሳቡ ይሳሳታል። ኮምፒውተሩ ግን ቅር አይለውም፤ ያማረ ባለቀለም ሥዕል አውጥቶ ያስረክባል። ክብ ቅርጽም በኪዩብ ሲሠራ ጠርዙ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። ለዚህ ሲባል አንዳንዶች ቁሱን በአራት ፊት ፒራሚዶች ይከፋፍሉታል።

ውጤቱ መታመን አለመታመኑን ለማየት የጋራ መፈተኛ ጥያቄዎች አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ያሰባሰባቸው ናቸው። ከታወቁት አንዱ 500 በ125 በ3 ናኖሜትር የሆነ የፐርማሎይ ስስ ቁራጭ በመስክ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል። አዲስ ፕሮግራም የጻፈ ሰው መልሱን ከሌሎች ጋር ያስተያያል።

ሙቀት ሲመጣ ግን ጨዋታው ይቀየራል። ብረት 770 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ የማግኔትነት ጠባዩን ያጣል። ወደዚያ ሲጠጉ «የቀስቷ ርዝመት አይለወጥም» የሚለው ግምት አይሠራም። ያኔ ኪዩቡ ይቀርና እያንዳንዱ አቶም የራሱን ቀስት ይይዛል፤ የሚጠናው ቁስም በዚያው ልክ ያንሳል።