አረንጓዴ መደብር ከጣሪያው እስከ አቅራቢው፦ የዋልማርት ተሞክሮ

ግዙፉ የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ ዋልማርት አካባቢን የማይጎዳ መደብር መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 በካንሳስ ግዛት ሎረንስ ከተማ ነው። የመደብሩ ግማሽ ክፍል ብቻ በጣሪያ መስኮት የቀን ብርሃን ይገባለት ነበር። ብርሃን በሚገባበት በኩል የተደረደረው ዕቃ የተሻለ ሽያጭ ስላሳየ ዘዴው ወደ ሌሎች መደብሮችም ተስፋፋ። ፀሐይ ስትደምቅ አምፖሉ በራሱ ይደበዝዛል፤ ሲደምን ይጎላል።

በ2005 በቴክሳስ ማኪኒና በኮሎራዶ አውሮራ ሁለት የሙከራ መደብሮች ተከፈቱ። የነፋስና የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተተከለላቸው፤ ምግብ የተጠበሰበት ዘይትና ከመኪና የወጣ የሞተር ዘይት እየነደደ ማሞቂያ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደው ግን ተራ የሚመስለው የፍሪዘር መብራት ነው። የተለመደው የቱቦ አምፖል፣ ፍሎረሰንት፣ ብርድ ላይ ይደክማል፤ ኤልኢዲ የተባለውን ኃይል ቆጣቢ መብራት ግን ብርድ ይስማማዋል። ሰው ሲቀርብ ይደምቃል፣ ሲርቅ ይቀንሳል። ዋልማርት ይህን መብራት ለበርካታ መደብሮቹ ሲያዝ፣ እንደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ያሉ አምራቾች ያኔ ገና ውድ ለነበረው ምርት ሰፊ ገበያ አገኙ። የሙከራው ትልቁ ፍሬ ይህ ይመስለኛል፤ አንድ ጣሪያ የሚቆጥበው ኤሌክትሪክ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ደግሞም የአንድ ቸርቻሪ ብክለት በአብዛኛው የሚመነጨው ከሕንጻው ሳይሆን ከሚሸጠው ዕቃ አመራረት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ አቅራቢዎች ዞረ። ኩባንያው በ2006 ማሸጊያ በ5 በመቶ እንዲቀነስ ዕቅድ አወጣ። ከግንቦት 2008 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ መደብሮቹ ውሃው የተቀነሰለት፣ ጠንከር ያለ የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ብቻ እንደሚሸጥ አሳወቀ። ጠርሙሱ አነሰ፣ ካርቶኑና የጭነት ነዳጁም አብሮ ቀነሰ። ለአንድ ደንበኛ ብለው ሁለት ዓይነት ጠርሙስ ማምረት ስለማያዋጣ ሳሙና ፋብሪካዎቹ የምርት መስመራቸውን በጠቅላላ ለወጡ።

በ2009 ለአቅራቢዎች ስለ አካባቢ ጥበቃ አሠራራቸው 15 ጥያቄዎች ተላኩ፤ በ2017 ደግሞ እስከ 2030 አንድ ቢሊዮን ቶን በካይ ጋዝ የማስቀረት ግብ ተቀመጠ። ኩባንያው በ2024 ግቡን ቀድሞ መምታቱን ገልጿል። ይሁንና ቁጥሩ የተገኘው አቅራቢዎቹ ራሳቸው ካቀረቡት መረጃ ነው። ወጪውም እኩል አይከብድም፤ ትልቁ ፋብሪካ ለሪፖርቱ ባለሙያ ይመድባል፤ ትንሹ አምራች ግን ዋጋ ቀንስ የሚለው ያው ገዢ ሳይለቀው የማሽኑንም የመረጃውንም ወጪ ከኪሱ ይሸፍናል።