የጭላዳ ዝንጀሮ ቤተሰብና አውራነት

ጭላዳ ዝንጀሮ በዱር የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ሌላ አገር የለውም። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ዘመኑ 1835 ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ኑሮውን ተቀምጦ የሚያጠና ሰው የመጣው ግን በ1960ዎቹ ነው።

ከሩቅ ሲያዩት አንድ ትልቅ መንጋ ይመስላል። አንዳንዴ ከ1,000 በላይ ሆነው በአንድ መስክ ይግጣሉ። ጠጋ ሲሉ ግን መንጋው የብዙ ቤተሰቦች ስብስብ ነው። በአንዱ ቤት አንድ አውራ፣ እስከ 12 የሚደርሱ ሴቶችና ልጆቻቸው አሉ። አንዳንዱ ቤት ከአውራው ሥር ያለ ተከታይ ወንድ አያጣም። ቤት ያልያዙት ጎረምሶች ለብቻቸው ይዞራሉ፤ ዓይናቸው ግን የሌላው አውራ ቤት ላይ ነው።

ጭላዳ ቀኑን የሚውለው ቁጭ ብሎ ነው። ሣሩን በጣቱ እየነጨ ይጎርሳል፤ ያለበት ሲያልቅበት ሳይነሳ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ የእኛዋ ጭላዳ ሳትሆን አትቀርም። በሌሎች ዝንጀሮዎች መቀመጫ ላይ የሚታየው ቀይ የቆዳ ምልክት በጭላዳ ደረት ላይ የወጣው በዚሁ አቀማመጥ የተነሳ ነው የሚል ግምት አለ።

የወንዱ ደረት ማዕረጉን ይናገራል። ቶር በርግማንና ጃሲንታ ቢህነር የሚመሩት የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ2006 ጀምሮ በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎችን እየተከታተለ ነው። የደረታቸውን ቀለም በፎቶ አነጻጽረው ያገኙት ግልጽ ነው፦ የአውራው ደረት ደማቅ ቀይ፣ የተከታዩና የጎረምሳው ገርጣ ያለ።

አውራነት የሚገኘው በጉልበት ነው። አውራው የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ክራንቻውን ያሳያል፤ ያ ካልበቃ መባረር ይመጣል፤ ከዚያ ንክሻ። ነገር ግን ጉልበት ብቻውን ቤት አይሰጥም። ተመራማሪው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ እዚያው ሰሜን ላይ አጥንቶ፣ የነባሩ አውራ ዕጣ በሴቶቹ እጅ መሆኑን ጽፏል። ከከዱት አለቀለት። ሴቶቹ እናትና ልጅ፣ እህትና አክስት ናቸው፤ በተወለዱበት ቤት ይኖራሉ፤ በመካከላቸውም የራሳቸው ደረጃ አላቸው። ወንዱ መጥቶ ሂያጅ ነው። ንብ አናቢዎቻችን «አውራ» የሚሏት ንብ ሴት መሆኗ እዚህ ላይ ትዝ ይላል።

አዲስ አውራ ሲገባ ቤቱ ይታመሳል። የሚጠቡ ግልገሎችን ሊገድል ይችላል፤ እናትየው ማጥባት ስታቆም ቶሎ ለእሱ ትደርሳለችና። እርጉዞቹም አይተርፉም። የሚቺጋኑ ቡድን በ2012 ባወጣው ጥናት፣ አውራ ሲለወጥ እርጉዝ ከነበሩት ሴቶች 80 በመቶ ያህሉ በቀጣዮቹ ሳምንታት አስወርዷቸዋል። ላብራቶሪ ውስጥ በአይጥ ላይ ይታወቅ የነበረውን ነገር በዱር እንስሳ ላይ እንዲህ አጥርቶ ያሳየው የእኛው ጭላዳ ነው።

የተሸነፈው ብዙ ጊዜ አይባረርም። ደረቱ ገርጥቶ፣ ጥግ ይዞ እዚያው ቤት ይቀራል፤ ልጆቹን ይጠብቃል። አዲሱ አውራ ለምን እንደሚታገሠው አንድ መልስ የለም። ተከታይ ያለው አውራ ቤቱን ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚይዝ ግን ተመዝግቧል። ኪራይ መሆኑ ነው፤ ተከታዩ አልፎ አልፎ ይወልዳል፣ ጎረምሳ ሲመጣ ደግሞ አብሮ ይመክታል።

ከሰሜን ውጭ ጭላዳ በደብረ ሊባኖስ ገደሎች፣ በጓሳ መንዝና በአርሲ በኩል ይገኛል። የአርሲዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው። በጓሳ ቀይ ቀበሮ መንጋው መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ከነሱ ጋር ሲሆን 67 በመቶ ይቀናዋል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ግልገሎቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፣ እነሱም አይሸሹትም። ውሻ ብቅ ካለ ግን አውራ፣ ተከታይ፣ ጎረምሳ ሳይባል ሁሉም ወደ ገደሉ ነው።