ከ11 በታች የሆነ ቁጥር ቻርት ላይ ለምን አይወጣም?

በአሜሪካ የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግስት ጤና መድን) ዳታ ይዞ ዳሽቦርድ፣ ማለትም መረጃን በቻርትና በካርታ የሚያሳይ ገጽ፣ የሚሰራ ሰው ሁሉ ይቺ ህግ አንድ ቀን ታደናግረዋለች። ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ሲኤምኤስ ከ1 እስከ 10 ያለ የታካሚ ቁጥር ለህዝብ እንዲወጣ አይፈቅድም፣ ምክንያቱም በትንሽ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) አንድ በሽታ ያለባቸው 3 ሰዎች ብቻ ከሆኑ ጎረቤት እነማን እንደሆኑ ያውቃል። 0 ግን ይቻላል።

ሰው የሚሳሳተው ቁጥሯን ደበቅኩ ብሎ እዛው ሲያቆም ነው፣ ድምሩ 50 ተብሎ ከታች ተጽፎ ሌሎቹ ሁለት ባሮች (የቻርቱ ዓምዶች) 30 እና 16 ከሆኑ የተደበቀችው 4 መሆኗን ልጅም ቀንሶ ያገኛታል፣ ስለዚህ ወይ ሌላ ባር አብሮ ይደበቃል ወይ ድምሩ ራሱ ይደበቃል። ፐርሰንትም አያድንም፣ ከ40 ሰው 10% ያው 4 ነው። ቁጥሩን አጥፍቶ ባሩን መተውም እንደዛው፣ ቁመቱ ከጎን ካለው የቁጥር መስመር ይነበባላ! ማውስ ሲያርፍበት ቁጥሩን ይዛ ብቅ የምትለዋን ሳጥንማ ስንቱ ይረሳታል።

የተደበቀውን ደግሞ በ0 እንዳትተኩት፣ ያ ውሸት ነው፣ ግራጫ አድርጋችሁ "ከ11 በታች ስለሆነ አልታየም" በሉ። ካውንቲዎቹን የሚያሳየው ካርታ ግማሹ ግራጫ ከሆነ ግን እኔ ትንንሾቹን ካውንቲዎች ማዋሃድ ወይ የ3 ዓመቱን ዳታ መደመር ነው የምመርጠው።